ቆሞ መጾም፣ ሄዶ መጾም

ቡናው እስኪፈላ አንድ ጥያቄ ልወርውር። የመድኃኔዓለም ትልቁ ንግሥ መቼ ነው? «ጥቅምት 27» አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ጌታ የተሰቀለው ግን በጥቅምት አይደለም። የአባቶች ቁጥር ስቅለቱን መጋቢት 27 ላይ ነው የሚያኖረው። ታዲያ በዓሉ ሰባት ወር ሙሉ ተጉዞ ጥቅምት ውስጥ ምን ይሠራል? እዚሁ አጠገባችን ቀራንዮ መድኃኔዓለም ደጅ የምትቀመጥ አንዲት ባልቴት ብትጠይቁ ሳታስብ ትመልስላችኋለች፤ መጋቢት 27 ሁዳዴ ውስጥ ይውላላ! በሁዳዴ ከበሮ አይመታም፣ ጸናጽል አይንሿሿም፣ እልልታም ይታቀባል። ታቦት አክብሮ ሆ ብሎ ለመውጣት የሚመች ወር አይደለም። ስለዚህ በዓሉ ደስታውን ይዞ ሁዳዴ ወደማይደርስበት ወር ተሻገረ።

«ኪዳነ ምሕረትስ? አቦስ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የካቲት 16ም መጋቢት 5ም ጾሙ ውስጥ ገብተው ይከበራሉ። የዝቋላን ዳገት በጾም አንጀቱ የወጣ ሰው ይህን ይነግረኛል። እኔ የማወራው ግን ስለ ወሩ ጠባይ ነው። የአገራችን ክርስቲያን አደባባይ የሚወጣው ሲደሰት ነው፤ ለጥምቀት፣ ለመስቀል፣ ለንግሥ። ሲያዝን ይቆማል፣ ይሰግዳል፣ ጥግ ይዞ ያለቅሳል። ሐዘኑን ተሸክሞ ጎዳና ለጎዳና አይዞርም።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረጉኝ ጎረቤቴ ናቸው።

የምኖረው ዓለም ባንክ ነው። ስሙን ከአበዳሪ የወረሰ ሰፈር፤ በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተሠራ የቤት ፕሮጀክት የቀረ ስም ነው ይባላል፣ ብድሩን ማን እንደከፈለ ግን ማንም አያወራም። ከአየር ጤና ሽቅብ ስትመጡ ሌሊቱን የሚቀሰቅሳችሁ ድምፅ ብዙ ነው፤ አዛኑ አለ፣ ኪዳኑ አለ፣ የጴንጤዎቹ የማለዳ ጸሎት አለ። በዚህ ሁሉ ድምፅ መካከል የካቶሊኮቹ አይሰማም። ብዙም አይደሉ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በአገር ደረጃ ከመቶ 0.7 ነበሩ፤ አንድ እንኳ አልሞሉም። ስለዚህ በእኛ መንደር ካቶሊክ የሚታወቀው በሕንፃው ሳይሆን በሰውየው ነው። «እገሌ እኮ ካቶሊክ ነው» ይባላል፣ ይበቃል።

ጎረቤቴ የእምድብር ልጅ ናቸው። እምድብር ለካቶሊኮች ትንሽ ቦታ አይደለችም፤ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ ጳጳስ ያላት ሀገረ ስብከት ነች፣ የመጀመሪያው ጳጳሷም አቡነ ሙሴ ገብረ ጊዮርጊስ ነበሩ። እማማ (ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው፤ እኔም ከሰፈሩ አልለይም) በሁዳዴ ዓርብ ዓርብ ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ መቁጠሪያቸውን በመሐረብ ይቋጥራሉ፣ ከዚያ በኮብልስቶኑ ቁልቁል ታክሲ ፍለጋ ይወርዳሉ። «ወዴት ነው እማማ?» ሲባሉ መልሳቸው ያው ነው፤ «ፍኖተ መስቀል አለብኝ»።

«አለብኝ» የሚሉት እንደ ዕቁብ ነው። የማይቀር።

አንድ ዓርብ ተከትያቸው ሄድኩ። ታክሲው ውስጥ ረዳቱ «ቀራንዮ! ቀራንዮ!» እያለ ይጮሃል፤ ክፍለ ከተማችን በሙሉ ስሙ ኮልፌ ቀራንዮ ስለሆነ ይህን ጩኸት በየቀኑ እየሰማን ማንም ልብ አይለውም። እማማ ግን ጎሸም አድርገውኝ «እኔ ደግሞ ከቀራንዮ ተሳፍሬ ወደ ቀራንዮ እሄዳለሁ» አሉ። በጾም ቀልድ አይከለከልም ማለት ነው።

ግቢው ሰፊ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ ጥቂት ጽድ፣ ጠጠር የፈሰሰበት መተላለፊያ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ወንጌል ጌታ በዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን ሰጠ ሲል እኛ ሰዓታችንን አይተን እንረዳዋለን። ፈረንጅ ግን ሦስት ሰዓት ላይ ተሰብስቦ ለልጆቹ «ዘጠኝ ማለት ሦስት ማለት ነው» እያለ ማስረዳት አለበት። በዚህች እንኳን እንበልጣለን።

ከፊት አንድ ወጣት ከሁለት ወፍራም አጣና የተሠራ መስቀል ትከሻው ላይ አድርጎ ቆመ። ግራና ቀኙ ጧፍ የያዙ ልጆች። ከኋላ አባ መጽሐፋቸውን ይዘው፣ ከእሳቸው ኋላ ሕዝቡ። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ጠጠሩ ላይ ይንበረከካሉ፣ አባ ያነባሉ፣ ሕዝቡ ይመልሳል፣ ተነሥተው እየዘመሩ ይሄዳሉ፣ እንደገና ይቆማሉ። መስቀሉ በየመቆሚያው ሰው ይለውጣል። ከወጣቱ ወደ አንድ ሽማግሌ፣ ከሽማግሌው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ወደለበሰች ልጅ፣ ከእሷ የዘበኛ ካፖርት ወደለበሰ ሰውዬ። ነፋሱ ጧፉን ያጠፋል፣ ልጆቹ አንዱ ከሌላው ይለኩሳሉ። ከአጥሩ ውጭ ክላክስ ይጮሃል። በበሩ ሲያልፍ የነበረ አንድ ሰው ቆም አለ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አማትቦ አለፈ። በአማተቡ ኦርቶዶክስ ነበር።

አሥራ አራት ጊዜ ነው የሚቆመው። ጲላጦስ ሲፈርድ ይጀመራል፤ መስቀሉን ሲቀበል፣ መጀመሪያ ሲወድቅ፣ እናቱን ሲያገኛት፣ የቀሬናው ስምዖን ሲያግዘው፣ ቬሮኒካ የምትባል ሴት ፊቱን ስትጠርገው፣ ሁለተኛ ሲወድቅ፣ የኢየሩሳሌም ሴቶች ሲያለቅሱለት፣ ሦስተኛ ሲወድቅ፣ ልብሱን ሲገፈፍ፣ ሲቸነከር፣ ሲሞት፣ ከመስቀል ሲወርድ፣ ሲቀበር። እማማ በየመቆሚያው ጉልበታቸው «ቀጭ» ይላል፤ ያም ሆኖ አንዱንም አልዘለሉም። እኔ ከሰባተኛው በኋላ ቆሜ ነው የጨረስኩት። ኋላ እንደተረዳሁት ሕጉ ያን ያህል ጥብቅ አይደለም፤ ሕዝቡ በዝቶ ቦታ ከጠበበ መሪው ብቻ ከመቆሚያ መቆሚያ ቢሄድ ይበቃል፣ ሌላው ባለበት ሆኖ ይጸልያል። ሥዕል እንኳ ግዴታ አይደለም፤ ግዴታው አሥራ አራት ትንንሽ የእንጨት መስቀል ነው። በየካቶሊኩ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የምታዩዋቸው ሥዕሎች ጌጥ ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። በታክሲ ስንመለስ እማማን «ይሄ ነገር የፈረንጅ ነው አይደል?» አልኳቸው። «የኢየሩሳሌም ነው» አሉኝ ቆጣ ብለው።

ልክ ናቸው፤ የኢየሩሳሌም ነው። እ.ኤ.አ. በ380ዎቹ ኤጌሪያ የምትባል ተሳላሚ ከምዕራብ ተነሥታ ኢየሩሳሌም ደረሰች፣ ያየችውንም ለእኅቶቿ ጻፈች። በሆሣዕና ዕለት ሕዝቡ ደብረ ዘይት ላይ ተሰብስቦ፣ ልጆች የዘንባባና የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው፣ ገና መሄድ ያልቻሉት በወላጆቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው፣ ጳጳሱን አጅበው በእግር ወደ ከተማ ሲወርዱ አይታለች። ደግሞም አንድ ነገር አስገርሟታል፤ በኢየሩሳሌም ከፋሲካ በፊት የሚጾመው ስምንት ሳምንት ነው። ስምንት! ያቺ ሴት ዛሬ ብትነሣ ስምንቱን ሳምንት ሮም ሄዳ አታገኘውም። እዚህ ትመጣለች፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጕዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና ብለው ልጆች እንኳ ሲቆጥሩላት ትሰማለች። ከአንዲት ከተማ እኛ ሳምንታቱን ይዘን ቀረን፣ ላቲኖቹ መንገዱን።

መንገዱን የያዙት ደግሞ በተለይ ፍራንቸስካውያን ናቸው። ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሮም በኩል የቅዱሳት ቦታዎች ጠባቂዎች እነሱ ናቸው። ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ ለማይችለው አውሮፓዊ መንገዱን ወደ ቤቱ አመጡለት። ሮም እ.ኤ.አ. በ1686 በየቤተ ክርስቲያኖቻቸው እንዲያቆሙት ፈቀደችላቸው፣ በ1731 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት 12ኛ ቁጥሩን አሥራ አራት ላይ ወሰኑት። ከዚያ በፊት እንደየአገሩ ይበዛም ያንስም ነበር። ሊዮናርዶ ዘፖርቶ ማውሪዚዮ የሚባል ፍራንቸስካዊ ሰባኪ ጣሊያንን እየዞረ ከአምስት መቶ በላይ ፍኖተ መስቀል አቆመ፤ ከነዚያ አንዱ በ1750 በሮም ኮሎሲየም፣ ጥንት ሰውና አውሬ ሲታገሉበት በነበረው ሜዳ ላይ የተከለው ነው። ዛሬ በስቅለት ማታ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እዚያው የሚመሩትን ጸሎት በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል፤ ተቋርጦ ቆይቶ በ1964 በጳውሎስ 6ኛ ጊዜ የተመለሰ ልማድ ነው።

አሁን ኢየሩሳሌም ድረስ አብራችሁኝ ኑ፤ ቡናውም ሁለተኛው ሊቀዳ ነው። በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ ፍራንቸስካውያኑ መስቀል ይዘው፣ ከየአገሩ የመጣውን ተሳላሚ አስከትለው በጠባቡ የገበያ መንገድ ያልፋሉ። ቅመም ሻጩ ይጮሃል፣ ጋሪ ይገፋል፣ እነሱ እየዘመሩ ያልፋሉ። ዘጠነኛው መቆሚያ፣ ጌታ ሦስተኛ ጊዜ የወደቀበት የሚባለው ቦታ፣ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዴር ሥልጣን መግቢያ ላይ ነው! የእኛ መነኮሳት ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ በትንንሽ ጎጆ ከሚኖሩበት ገዳም በር። ከአሥረኛው ጀምሮ ያሉት አምስቱ እታች ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የዓለም ካቶሊክ ሁሉ በዚያ መንገድ ሲሄድ ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት የሚያገኘው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው፤ በሩ ላይ ተቀምጦ ዳዊቱን የሚደግም፣ ሰልፉ ሲመጣ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ የሚያሳልፍ።

የእኛዎቹስ እዚያ ጣራ ላይ አይዞሩም ወይ? ይዞራሉ። መቼ? በቀዳም ሥዑር ማታ። በጃንጥላና በከበሮ፣ ጧፍ አብርተው የቅድስት ዕሌኒን ጉልላት ይዞሩታል። ልብ በሉልኝ፣ ዓርብ አይደለም። ስቅለትን ሰግደው አሳልፈው፣ የትንሣኤ ሽታ ሲመጣ ነው እግራቸውን የሚያነሡት። መጀመሪያ ያልኩት የጥቅምት 27 ነገር እዚያም ጣራ ላይ ይሠራል።

የፈረንጁን ሰልፍ ሁሉ እንደ እማማ ግቢ ጸጥ ያለ አድርጋችሁ እንዳትስሉት። የስፔኗን ሴቪያ ተዉት ልበል? አልተወውም፣ አጭር አደርገዋለሁ። በሕማማት ሳምንት ከስልሳ የሚበልጡ ማኅበራት ተራ በተራ ይወጣሉ። አባላቱ ፊታቸውን እስከ አንገታቸው በሸፈነ ሹል ቆብ ተሸፍነው ጧፍ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን፣ በአበባና በብር ያጌጠ መድረክ ላይ የጌታና የእመቤታችን ምስል ይቀመጣል፤ ከመድረኩ ሥር ወንዶች ተደርድረው በማጅራታቸው ይሸከሙታል። መለከት አለ፣ ከበሮ አለ፣ በረንዳ ላይ ቆሞ የሚያለቅስና የሚያዜም አለ። አንዳንዱ ማኅበር ደግሞ ትንፍሽ ሳይል ያልፋል። ይህን በቪዲዮ ለአንድ የሰፈሬ መሪጌታ ባሳያቸው «ጥምቀትን ወስደው ሁዳዴ ውስጥ ከተቱት እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። እውነትም ነው። ደስታችንን በምናወጣበት መልክ ሐዘናቸውን አወጡት።

እኔ ግን ከሴቪያ ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የእኛም ሊቃውንት የጌታን መከራ ቆጥረዋል። አሥራ ሦስቱ ሕማማተ መስቀል ይባላሉ። ወደ ኋላ መታሰሩ፣ በገመድ መጎተቱ፣ መሬት ላይ መውደቁ፣ መረገጡ፣ ከምሰሶ ጋር መላተሙ፣ በጥፊ መመታቱ፣ ጀርባው መገረፉ፣ ራሱ በዘንግ መቀጥቀጡ፣ የእሾህ አክሊሉ፣ መስቀል መሸከሙ፣ መቸንከሩ፣ መሰቀሉ፣ ሐሞት መጠጣቱ። ከካቶሊኮቹ አሥራ አራት ጋር አስተያዩት። መውደቁ በሁለቱም አለ፤ ሸክሙ፣ ችንካሩ፣ ስቅለቱ አለ። የእኛ ዝርዝር ግን ከሥጋው አይወጣም። አንድ ሰው፣ አንድ አካል፣ አሥራ ሦስት ሕመም። በእነሱ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ሰው አለ። እናቱ አለች፣ ከእርሻ ሲመለስ ተይዞ መስቀል ያሸከሙት ስምዖን አለ፣ ነጠላዋን የሰጠች ሴት አለች፣ የሚያለቅሱ ሴቶች አሉ። ይህ መንገድ ላይ የሚሆን ነገር ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ያጋጥማል። ሕመሙን የቆጠረው ይሰግድለታል፣ መንገዱን የቆጠረው ይሄድለታል። ቬሮኒካ ወንጌል ውስጥ የለችም ብሎ የሚከራከር ካለ ልክ ነው፤ የለችም። ሦስቱም አወዳደቅ በወንጌል አልተጻፈም። የእኛዎቹም ወንጌል ውስጥ የማይገኝ ቆጥረዋል። የሚወዱትን ሰው መከራ ሲያወሩ የማይጨምር ማን አለ?

እንግዲህ እማማ የላቲኑን መንገድም፣ የአገሩን ሥርዓትም ይዘው ነው የሚኖሩት። ቅዳሴያቸው የግእዝ ሥርዓት ነው፤ የምትሰሙት ዜማ ከእኛው ብዙ አይርቅም። ሆሣዕና ላይ እንደኛው ዘንባባ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይዞራሉ፣ ከዘንባባው ለልጆች ቀለበት ይታሰራል፣ ለግንባር መስቀል ይጎነጎናል። ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን አለ። በደቡብ ያሉት ካቶሊኮች ግን፣ በሶዶም በሐዋሳም፣ የላቲኑን ሥርዓት ነው የሚከተሉት፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ኦሮሞ አገር የገቡት አቡነ ማስያስ የሄዱበት መንገድ ነበር። እነሱ ጋ ጾሙ ሲገባ ካህኑ ግንባር ላይ ዐመድ ይቀባል። እማማ ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን ይመጡና «እኛ ዐመድ በምድጃችን ይበቃናል» ይላሉ።

አሁን ወደማልወደው ምዕራፍ ልግባ፤ ሳልገባ ግን ጨዋታው አይሞላም። ካቶሊክና ጾም በዚህ አገር ላይ ሲነሡ ሱስንዮስ ይነሣል። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1622 በይፋ ካቶሊክ ሆነ፤ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ፣ ቋንቋችንን ተምሮ፣ ጠባያችንን አጥንቶ፣ በዘዴ አሳምኖት ነበር። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። በእሱ እግር የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴስ ዘዴ የሚባል ነገር አያውቅም። ቅዳሴውን፣ ጥምቀቱን፣ የበዓላቱን ቀን፣ ሁሉን እንደ ሮም ካላደረግሁ አለ። የረቡዕን ጾም አስቀርቶ ቅዳሜን አስጾመ። እስቲ አስቡት፤ ቅዳሜን ከእሑድ ጋር እኩል የሚያከብር ገበሬ፣ ቅዳሜን ጹም ረቡዕን ብላ ሲባል! ሃይማኖት ምስጢር ነው፣ ስለ ሁለት ባሕርይና ስለ አንድ ባሕርይ ሊቃውንቱ ይከራከሩበት። ረቡዕ ግን የሁሉም ሰው ነው፤ የባላገሩ፣ የእረኛው፣ እንጀራ የምትጋግረዋ ሴት። ያንን ነኩት። በ1632 ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት ያለቀው ገበሬ ስምንት ሺህ ይሆናል ይባላል። ሱስንዮስ አሸንፎ ተሸነፈ። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ሊፈቅድ ሞከረ፤ የፈለገ በቅዳሜ ፈንታ ረቡዕን ይጹም፣ ከፋሲካና ከፋሲካ ጋር ከሚሄዱት በስተቀር በዓላቱም በጥንቱ ቀን ይሁኑ አለ። ማን ይስማው? በመጨረሻ የጥንቱን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቀ።

ይህን ለእማማ አንሥቼባቸው አውቃለሁ፣ ትንሽም ለማናደድ ነበር። አልተናደዱም። «ያ የንጉሥ ነገር ነው፣ የእኛ ሌላ ነው» አሉኝና ስለ አባ ገብረ ሚካኤል ነገሩኝ።

አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1791 ገደማ ተወልዶ መርጡለ ማርያም የመነኰሰ፣ አንድ ዓይኑ በልጅነቱ የጠፋ፣ መጽሐፍ ካገኘ እንቅልፍ የማያምረው ሊቅ። በ1839 ወደ አገራችን ከገባው ከጣሊያናዊው ካህን ከዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ጋር የተገናኘው በጉዞ ነው፤ በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ነበር፣ ከዚያም ሮምንና ኢየሩሳሌምን አብረው ረገጡ። ዴ ያቆቢስ ከሜንዴስ የተማረ ይመስላል። እንደ አገሬው መነኩሴ ለበሰ፣ እንደ አገሬው በላ፣ እንደ አገሬው ጾመ፣ የግእዙን ሥርዓት አልነካም። ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ ሆነ፤ በዚህም ታሰረ። በቴዎድሮስ መጀመሪያ ዘመን በሰንሰለት ሆኖ ከሠራዊቱ ጋር ከቦታ ቦታ ሲጎተት ቆይቶ በ1855 መንገድ ላይ ሞተ። ሮም በ1926 ብፁዕ ብላዋለች፤ ዴ ያቆቢስ ደግሞ በ1975 ቅዱስ ተብሏል፣ መቃብሩም ኤርትራ ሔቦ ነው። ከሊቀ ጳጳሳቱ መንበር ጀምሮ ዛሬ አዲስ አበባ ያለው የካቶሊክ አወቃቀር የተዘረጋው በ1961 ነው፣ ያ ሰው በሰንሰለት ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ።

እማማ ይህን ሲጨርሱ «ያ ነው ፍኖተ መስቀል፣ የኛ ጠጠር ምን አላት» አሉ። እኔም ጉልበቴን ደበቅሁ።

ከሱስንዮስ ዘመን ጋር ሳስተያየው ግን አንድ ነገር ይደንቀኛል። ያኔ ንጉሡ በጭንቅ ሰዓት እንኳ ሊለቅ ያልፈቀደው የፋሲካን ቀን ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ ካቶሊኩ ፋሲካን የሚያከብረው ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ቀን ነው። ማንም አልተዋጋበትም፣ አዋጅም አልተነገረበትም ማለት ይቻላል፤ በአንድ መንደር እየኖሩ አንዱ ዶሮ ሲያርድ ሌላው ሽሮ ማማሰሉ የማይመች ነገር ስለሆነ ብቻ። የመብሉም ነገር እንዲሁ ነው። በላቲኑ ሕግ ከሄድን ሥጋ የሚከለከለው በዓርብ ነው፣ ጥብቅ ጾም ደግሞ በዓመት ሁለት ቀን፤ የዐመዱ ረቡዕና ስቅለት። ዕንቁላልና ወተት አይከለከልም። እማማ ግን ዓለም ባንክ ውስጥ በሁዳዴ ዕንቁላል ይጠብሳሉ ብላችሁ ታስባላችሁ? ሽታው በአጥር ይሻገራል እኮ! ሥጋ ቤቱ ዘግቷል፣ ኬክ ቤቱ የጾም ኬክ ብሎ ጽፏል፣ የእኔ ሚስት በኑግ ስትለፋ እሳቸው በተልባ ይለፋሉ። ማን ካቶሊክ ማን ኦርቶዶክስ መሆኑን በድስቱ መለየት አይቻልም። የሚለየው ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እኔ ባለሁበት እሰግዳለሁ (በሰገድኩበት ቀን)፣ እሳቸው ይሄዳሉ።

ችግር ያመጣችው የእማማ ልጅ ነች። ሮም ነው የምትኖረው። እዚያ የምትሄደው በሮም ቀን ነው፤ ሥራዋም፣ እረፍቷም በዚያ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዕድለኞች ነበሩ፤ ሁለቱም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ላይ ገጠመ፣ እናትና ልጅ በስልክ አብረው ፈሰኩ። ዘንድሮ በ2018 ግን የሮም ፋሲካ መጋቢት 27 ዋለ፣ እኛ ሆሣዕናን የምናከብርበት እሑድ። አዎ፣ ያው መጋቢት 27! እማማ ዘንባባ ግንባራቸው ላይ አስረው ልጅቱ «እንኳን አደረሰሽ» ስትላቸው ምን ብለው እንደሚመልሱ ግራ ገባቸው፤ ጌታ ገና አህያዋ ላይ ነው እኮ።

የሚመጣው ዓመት ይብሳል። በ2019 የሮም ፋሲካ የሚውለው እኛ ገና መጻጕዕ ላይ ስንሆን ነው፣ የእኛ ሚያዝያ 24 ነው፤ አምስት ሳምንት ሙሉ። እንደገና የሚገጥሙት በ2020፣ ሚያዝያ 8 ነው። ይህን ወረቀት ላይ አስልቼ ለእማማ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው እዚያው እኔ ፊት ደወሉ።

«ስሚ» አሏት ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ «የዛሬ ዓመት ዶሮሽን ብዪ፣ አልከለከልኩሽም። ቪዲዮውን ግን እንዳትከፍቺ!»